የአሮጊቷ ግራ ጉንጭ

መሻከር የነበረበት ቦታ ለጣቷ ለሰለሰባት።

መዶሻ ወደ ዋና ኃላፊው ቢሮ የገባችው ለትንሽ ነገር ነበር። መዶሻ የሚላት የባቡር ጥገናው ሰው ሁሉ ነው፤ እናቷም ስትቆጣ በዚሁ ስም ትጠራታለች። እዚያ የተቀመጠችው፣ ራሷ የሠራቻት የባቡር ሞዴል የሾፌር በር እጀታዋ ላልቶ ስለነበር ልታጠብቀው ብላ፣ በቱታዋ ኪስ ፒንሳና ቁራጭ ስታኞ፣ የመበየጃ እርሳስ፣ ይዛ፣ ጸሐፊዋን አስፈቅዳ ገባች። ሞዴሏን በግራ እጇ ደግፋ ስታነሳት ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ያቺን ቦታ ፈለጉ። ቦታዋ የለችም።

"ጌታዬ ሆይ" አለች ቀስ ብላ።

ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። ከሾፌሩ መስኮት ኋላ፣ የታች ጠርዟ መወጣጫው ብረት ጋ ደርሶ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ልጣፍ ነበረች። ዙሪያዋን ሃያ ሁለት የሪቬት ሚስማር ራሶች፣ ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማይወፍሩ፣ አንድ በአንድ በስታኞ ተይዘው ነበር። አሁን ሁሉም ተሞርዷል። ስቱኮ ተሞልቶበት፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶበት፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ጥርት ብሏል።

ይህችን ሞዴል ለመሥራት ዘጠኝ ወር ፈጅቶባታል፤ "ያው የእርግዝና ነው" እያሉ አባቷም ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረበት የባትላሜራ ክፍል ወንዶች ይቀልዱባት ነበር። ከሱቅ የተገዛ አንድ ነገር የለባትም። ገላዋ ከተጣለ የናስ ላሜራ በመቀስ ተቆርጦ፣ በሞርሳ ተይዞ የታጠፈ ነው። የጎን አየር ማስገቢያዎቿ አርባ ስምንት ናቸው፣ አርባ ስምንቱንም ለየብቻ ቆርጣለች። የእጅ መደገፊያዎቿ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ፣ መስኮቶቿ ከሸሚዝ ካርቶን የወጣ ነጭ ላስቲክ ናቸው። በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ወጥታ ፀሐይ እስክትገባ፣ እሑድም ከጸሎት መልስ፣ ሜትሯንና ጠመኔዋን ይዛ ዋናዋን ባቡር ስትለካ ኖራለች። የለካችውን ሁሉ ለአርባ አካፍላ ነው የሠራችው።

ዋናዋን "አሮጊቷ" ነው የሚሏት። ከከተማው ዳር ያለውን ሠራተኛ ጠዋት ወስዳ ማታ የምትመልስ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ናት። ሠላሳ ዓመት ተመላለሰችና ሞተሯ ሞተ፤ ስድስት ዓመት ሣር ውስጥ ቆመች። ከዚያ ሆዷ ተዘርግፎ አዲስ ሞተር ገባላት፣ የሾፌሩ ክፍል ሰፋ፣ ጎኗ እንደገና ለበሰ። ከሦስት ቀን በኋላ ወደ መስመሯ ትመለሳለች። ያን ዕለት ሞዴሏ በመንገደኞች አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ትቆማለች።

ያን ዕለት ደግሞ ፍቅረኛዋ፣ የዋና ኃላፊው ልጅ ኢንጂነሩ፣ ለቤተሰቡም ለእንግዶቹም "የማገባት እሷን ነው" ብሎ ሊናገር ቃል ገብቶላታል። እናቱ ከዓመት በፊት ስለ እሷ ስትሰማ "እጇ እንደ ወንድ የሻከረ ልጅ ቤቴ አትገባም" ብላ ነበር። እሱ ነው "አንቺ ሞዴሏን ሥሪ፣ አይተው አፋቸውን ይይዛሉ" ያላት።

በሩ ተከፈተ። የዋና ኃላፊው ባለቤት ለሞዴሏ ጠረጴዛ የሚሆን ነጭ ልብስ ታቅፋ ገባች።

"አንቺ ነሽ? በዚህ ቱታ ነው እዚህ የገባሽው?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ እትዬ። እዚህች ላይ እጁን ያሳረፈባት ማነው?"

"የቱ ጋ? እ፣ ጠባሳዋን ነው? እሷማ ተስተካከለች። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ እንከን አይስትም።"

"ማነው ያስተካከላት?"

"ማን ይሆናል? ልጄ ነዋ! የባቡሯን የንድፍ ስዕል ዘርግቶ አስተያየና 'እውነትሽን ነው እማ፣ ስዕሉ ላይ የለም' አለኝ። ቅዳሜን ሙሉ ሲሞርድልሽ ዋለ፣ በገዛ እጁ። ሌላዋ ብትሆን ታመሰግን ነበር።"

በገዛ እጁ። እሑድ ዕለት ከጸሎት መልስ፣ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ያንን እጅ ይዛው ነበር። ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ቀለም አይታ "አንተም ሥራ ጀመርክ እንዴ?" ብላ ስቃበታለች። እሱም ስቋል። ዓይኑን ወደ ሐዲዱ ዞር አድርጎ ነበር የሳቀው፤ ያኔ የአፋርነት መስሏት ወደደችለት።

ነጩን ጨርቅ ከወይዘሮዋ እጅ ተቀበለችና ሞዴሏን ጠቀለለችበት።

"ምን እያደረግሽ ነው? ዕቃው የድርጅቱ ነው!"

"ናሱ ከቆሻሻ መጣያ የለቀምኩት ነው፣ እትዬ። እጁ ደግሞ የኔ ነው" አለችና ወጣች። ደረጃውን በሩጫ ወርዳ በቀጥታ እሱ ዘንድ ሄደች።

ኢንጂነሩ የንድፍ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር። ከጥገናው ሰዎች መሀል በወር አንድ ቀን እንኳ ዘይት የማይነካው ሸሚዝ የሱ ብቻ ስለሆነ "ነጭ ሸሚዝ" ይሉታል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ የታቀፈችውን ሲያይ ጠፋ።

"ልነግርሽ ነበር" አለ።

"መቼ? ከሠርጋችን በኋላ?"

"ስሚኝ የኔ ቆንጆ..."

"አታቆንጀኝ! ምን አደረገችህ? አንዲት የጥፍር ታህል ልጣፍ ምን በደለችህ?"

"ስዕሉ ላይ የለችም እኮ!" ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ወረቀት በመዳፉ መታ። "ይኸው። ግራ ጎን፣ ሙሉ ላሜራ፣ ያለ ቀዳዳ፣ ያለ ልጣፍ። እናቴ 'ልጅቷ ተሳሳተች' እያለች ለአክስቶቼ ሁሉ ስትናገር... ምን ላድርግ? አፈርኩ።"

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው እንደፈለገ ከፊቱ ያስታውቃል። ግን ወጥቷል።

"አፈርክ" አለች መዶሻ።

"እንደዚያ ማለቴ አይደለም..."

"አፈርክብኝ። ዘጠኝ ወር ዓይኔ እስኪጠፋ የሠራሁትን ሰው አየብኝ ብለህ አፈርክ። ለመሆኑ አሮጊቷን አይተሃት ታውቃለህ?"

"ሁለት ዓመት ሠራሁባት!"

"ወረቀቷ ላይ! አንድ ቀን በእጅህ ነክተሃታል? ግራ ጉንጯን ዳብሰሃል?"

ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ቁጣዋ ባሰ።

"ስዕልህ 'ሙሉ ላሜራ' ሲል ሙሉ ላሜራ አልቆ ነበር። ሥራው ሊቆም ነው ተባለ። አባዬ የተጣለ ፉርጎ ጎን ቆርጦ አመጣ። የአሮጊቷ ጉንጭ ኩርባ ነው፤ ያንን ኩርባ ሦስት ሳምንት በመዶሻ እያባበለ አመጣው፣ እያሳለ። ቢበየድ ይሰነጠቃል ብሎ በሪቬት ያዘው። ሥራው ባለቀ በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርነው። አሮጊቷ ስትነሳ አላየም። አንተ ግን ሞረድ አንስተህ አጠፋኸው!"

"አልነገርሽኝም!" አለ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም!"

"አልጠየቅከኝማ! ሞዴሏን ሲያያት 'ይቺ ምንድን ናት?' ይለኛል ብዬ ስጠብቅህ ነበር። ጠይቀኸኝ እስክነግርህ ቸኩዬ እኮ ነው የኖርኩት። አንተ ግን ጠየቅከው ወረቀቱን።"

ሞዴሏን ታቅፋ ስትወጣ ይከተለኛል ብላ አስባ ነበር። አልተከተላትም። አለመከተሉ ይበልጥ አናደዳት፤ ቢከተላትም ደግሞ ያው ትናደድ ነበር።

እናቷ የአሮጊቷን ፉርጎዎች ስትጠርግ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ልጇ ቤት ገብታ ነጩን ጨርቅ ስትፈታ፣ መነጽሯን አድርጋ ሞዴሏን ግራና ቀኝ አገላብጣ አየች።

"ውይ፣ የጋሼን ልጣፍ ማን በላት?" አለች። ባሏን እስኪሞት ድረስ ጋሼ ነበር የምትለው፤ ከሞተም በኋላ አልተወችውም።

መዶሻ ነገረቻት። እየነገረች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ተሳደበች።

"ተናደጂ" አለች እናቷ። "ቁጣሽ እውነት ነው፣ እግዜርም አይቆጣሽም። ግን ምሳሽን ብዪ። በባዶ ሆድ የተናደደ ሰው ነገር ያበላሻል።"

"እሱ እኮ ነው ያበላሸው፣ እማዬ!"

"እሱማ አበላሽቷል። ለእናቱ ብሎ የሰው አባት ሞረደ፣ ምን ቀረው? ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ነው ያልነገርሽው?"

"እንዲጠይቀኝ ነዋ።"

"ወይ አንቺ! ጋሼም እንዲህ ነበር። እግሩን አሞት ስድስት ወር 'አይታ ትጠይቀኛለች' ብሎ ሲያነክስ ቆየ። እኔ ደግሞ አረማመዱ ነው ብዬ።" ሳቀችና ዓይኗን በቀሚሷ ጠረገች። "አንቺም አባትሽም ያው ናችሁ።"

መዶሻ አልሳቀችም። ደብተር አወጣችና ደብዳቤ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ቀደደች። አራተኛውን ጎረቤታቸው ለሆነው የቢሮ ተላላኪ ሰጠችው።

"ላንተ" ይላል። "ሞዴሏ አዳራሹ ውስጥ አትቆምም። ፊቷን አጥበህ ልታቆማት የፈለግካት ባቡር ወረቀትህ ላይ ያለችው ናት፤ እኔ እሷን አላውቃትም። እኔንም እንዲሁ ልታደርገኝ ነበር። ዛሬ ልጣፏን፣ ነገ የእጄን ጠባሳ፣ ከነገ ወዲያ አነጋገሬን፣ እናትህ እንከን ባየች ቁጥር አንድ ነገር ልትሞርድልኝ። እኔ እንደተለጠፍኩ ነኝ። የምትወደኝ ከሆነ ከነሪቬቴ ነበር። ሰላም ሁን።"

መልስ አልመጣም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። ቢሮም የለም አሉ፣ ምሳም አልበላም አሉ፣ የባቡር መጠለያው ውስጥ አይተነዋል ያሉም ነበሩ። "አለመጻፉ ይሻለኛል" አለች ለእናቷ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አዳራሹ በሰው ሞላ። አሮጊቷ አበባ ተንጠልጥሎባት መድረኩ ጋ ቆማለች። መዶሻ ግን ከባትላሜራ ክፍሉ አልወጣችም። ሞዴሏን ሞርሳው አጠገብ አስቀምጣ፣ የናስ ቁራጭ ይዛ ተቀምጣለች። አባቷ በሥራ ያሳደጋቸው የክፍሉ ሰዎችም ጥለዋት አልሄዱም።

"አሮጊቷ ተሞሽራ አንቺ ሐዘን ተቀመጥሽ?" አለ አለቃቸው፣ መላጣው።

"ልሂድና ለጠረጴዛው ልብስ ላጨብጭብ፣ አለቃ?"

"ጠረጴዛው ቆሟል፣ ልብሱ ግን የለም፤ አንቺ ነሽ የወሰድሽው።"

ሰዎቹ ሲስቁ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሁሉም ዞረው አዩ።

ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ ነጩ ሸሚዝ ግን የለም። ክንዱ እስከ ክርኑ ዘይት፣ አንገቱ ግራሶ፣ ጉልበቱ ላይ ሱሪው ተቀዷል። ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዟል። ማንንም ሰላም ሳይል እሷ ፊት መጣና ወረቀቱን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ደብዳቤሽ ደርሶኛል" አለ። "መልሴ ይኸው።"

የአሮጊቷ ስዕል ነው። ግን በቀይ ተሞልቷል። እዚህ የተጠማዘዘ ብሎን፣ እዚያ በሌላ ብረት የተተካ ማጠፊያ፣ ወረቀቱ ስድስት ሲል ባቡሯ አምስት ያላት ነገር። ግራ ጎን ላይ ልጣፏ ከነኩርባዋ ተስላለች። አጠገቧ፣ በንጹሕ ጽሕፈቱ፣ "የፉርጎ ላሜራ፣ በእጅ የተቀጠቀጠ" ይልና የአባቷ ሙሉ ስም ተጽፏል።

"ሁለት ቀን ከሥሯም ከላይዋም ስዳብሳት ነበር" አለ። "ዘጠኝ ቦታ ላይ ወረቀቱ ይዋሻል። እኔ ነኝ የዋሸሁት። አባቴ 'ኦፊሴላዊ ስዕል ላይ ልጣፍ አይገባም፣ አልፈርምም' አለኝ። እስካሁንም አልፈረመም። እኔ ፈርሜያለሁ።"

መዶሻ የአባቷን ስም በጣቷ ተከትላ አነበበችው። ግን ቁጣዋ ገና ሙሉ ነበር። "ስም መጻፍ ቀላል ነው" አለች።

"ነው። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።" ጎንበስ አለ። "ሪቬቶቹ ሃያ ሁለት ናቸው ወይስ ሃያ ሦስት?"

"ሃያ ሁለት። በእንቅልፌ ብትጠይቀኝ ሃያ ሁለት።"

"እኔ ሃያ ሦስት ቆጠርኩ።"

"አንተ ልታስተምረኝ ነው የመጣኸው?" አለች ተነስታ፤ ጆሮዋ ቀልቷል። "እኔ እኮ ዘጠኝ ወር ነው የለካኋት!"

"ከላይ ሆነሽ። አንደኛው ከመወጣጫው ብረት ኋላ ነው። ሪቬቱ ከተመታ በኋላ ነው ብረቱ የተገጠመበት። በጀርባ ተኝቶ እጅን ከሥር ወደ ላይ ካላስገቡ አይገኝም። ተሳስቼ ይሆናል፤ ነይና ዳብሺው።"

በንዴት ነው የወጣችው፣ ውሸታም ልታደርገው። እንግዶቹ፣ አበባዎቹ፣ ወይዘሮዋ፣ አክስቶቹ፣ ሁሉም መድረኩ ላይ ተደርድረው ሳሉ በቱታዋ መሀላቸውን ሰንጥቃ ሄደችና አሮጊቷ ሥር በጀርባዋ ተጋደመች። እጇን ከብረቱ ኋላ ሽቅብ ሰደደች። ቀዝቃዛ ላሜራ። የልጣፏ ጠርዝ። ከዚያ ጣቷ አንዲት ክብ ራስ ላይ አረፈ።

ክብ አልነበረችም። አንድ ጎኗ ጠፍጠፍ ያለ ነው።

አባቷ ማንኛውንም ሥራ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ሪቬት በመዶሻው ጎን ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ ይመታት ነበር። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። "በቃሽ ማለቴ ነው" ይላት ነበር፣ ልጅ ሆና አጠገቡ ስትቀመጥ። የመጨረሻዋ የትኛዋ እንደሆነች ፈልጋ ነበር፤ ከሃያ ሁለቱ አንዷም ጠፍጣፋ አልነበረችም። ታሞ ስለነበር ረስቶታል ብላ አልቅሳ ነበር የተወችው።

አልረሳም። ብረት ሸፈናት እንጂ አልረሳም።

እዚያው በጀርባዋ እንደተጋደመች፣ እጇ ሽቅብ እንደተዘረጋ፣ እንባዋ በጆሮዎቿ በኩል ወደ ጠጠሩ ፈሰሰ። ከላይ የወይዘሮዋ ድምፅ ይሰማል።

"ምን ጉድ ነው ይሄ? እንግዳ ፊት መሬት ላይ! ልጄ፣ አንተስ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሰልከው?"

"እማ" አለ እሱ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ "ያቺ ጠባሳ ያልሻት የሚስቴ አባት እጅ ናት። እኔ አላዋቂ ሆኜ ነው ያጠፋኋት። ሞዴሏ ተመልሳ እስክትሠራ እንግዳው ይጠብቃል። እስከዚያ ጠረጴዛዋ ባዶውን ይቁም።"

"ገና ሚስትህ አይደለሁም!" አለች መዶሻ ከባቡሩ ሥር።

"ገና አለች!" ብሎ መላጣው አለቃ እጁን አጨበጨበ። "ገና ነው ያለችው፣ ሰማችሁ አይደል?" የጥገናው ሰው በሙሉ ሳቀ። ወይዘሮዋ አልሳቀችም። ቢሆንም ጎንበስ ብላ፣ ቀለበት ባለው እጇ፣ የአሮጊቷን ጉንጭ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

ሁለቱ የሥራ ጠረጴዛው ጋ ተመለሱ። መዶሻ ስቱኮውን ፈቅፍቃ አነሳች። አዲሷን ልጣፍ ከናሱ ቆርጣ፣ በትንሿ መዶሻ ኩርባዋን አወጣችና ፒንሳውን ለእሱ ወረወረችለት።

"ያዝልኝ። ስታኞው እስኪደርቅ እንዳትነቃነቅ።"

"እሺ።"

"አልታረቅኩህም።"

"አውቃለሁ።"

"'አፈርኩ' ያልከኝን ቃል ሁልጊዜ ነው የማስታውሰው።"

"አስታውሺው። እኔም አስታውሰዋለሁ።"

መበየጃው ጋለ፤ ስታኞው እንደ እንባ ተንከባለለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ራሶቹን ተከለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሙቀቱ በፒንሳው አልፎ ጣቱ ጋ ደረሰ። ሲቃጠል አየችው፤ ከንፈሩን ነከሰ፣ እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ልቀቀው ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። ይያዝ። አባቷም በዚህ ሥራ ስንቴ ተቃጥሏል።

ሃያ ሦስተኛዋን ከመወጣጫው ኋላ፣ ማንም በማያያት ቦታ፣ አስገባች። መዶሻዋን አነሳች፤ ከዚያ ቆም ብላ አሰበችና ለእሱ አቀበለችው።

"በጎኑ ነው። ሦስት ጊዜ። ቀስ ብለህ።"

ጠ። ሁለተኛዋን ስቶ የራሱን ጥፍር መታ። ጠ። ጠ።

"ተጣመመች" አለ ደንግጦ። "ላስተካክላት?"

ሞዴሏን ከእጁ ተቀበለችና ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ዳበሰች። ሻካራ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተነፈሰችው አየር ከደረቷ ወጣ፤ ከቁጣዋ ጋር እንባዋም፣ ከእንባዋ ጋር ሳቋም ተደባልቆ መጣ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለራሷም አልለይ አላት። የተቃጠለውን ጣቱን በሻካራ መዳፏ ጨበጠችው።

"እንዳትነካት" አለችው። "እንዲሁ ትሁን።"